ጥፋቱ የእንጨቱ ነው

«ጨብጪው እንጂ! የማታውቂውን ሰው እጅ ነው እንዴ የያዝሽው?» አለ ሎታር።

«ጨብጬዋለሁ እኮ!»

«ይሄ መጨበጥ ከሆነስ እኔም አላውቅም። ስቱኮው ሳይደርቅ ጠበቅ አድርጊ፣ ጠበቅ!»

ሮስቪታ ከንፈሯን ነክሳ ጨበጠች። ምድር ቤት ባለችው የባሏ መሥሪያ ክፍል ውስጥ፣ ከሞርሳው አጠገብ ቆማ፣ እጀታው ላይ መሙያ ስቱኮ የተለጠፈበትን ባዶ ሽጉጥ ወደ ግድግዳው ደግናለች። ስቱኮው እንዳይጣበቅባት የታልክ ዱቄት የተነሰነሰበት ቀኝ እጇ ነጭ ሆኗል። በደንብ የጨበጠ እጅ ትርፉን ስቱኮ በጣቶቹ መካከል እንደ ጥርስ ሳሙና ገፍቶ ያወጣዋል። ሎታርም ዓይኑን አፍጥጦ የሚጠብቀው ይህንኑ ነበር። ከመሀል ጣቷ ስር ወጣ። ከመዳፏ ጠርዝም ወጣ። ከአውራ ጣቷ ግርጌ ግን ምንም አልወጣም።

«በቃ ልቀቂው። ቀስ ብለሽ።»

እጇን ስታነሳ የመዳፏ መስመር ሳይቀር እጀታው ላይ ታትሟል። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ያለው ስቱኮ ግን፣ ሎታር በጣቱ እንዳለሰለሰው፣ ማንም ሳይነካው ቁጭ ብሏል። እጅ እላዩ ላይ ያረፈበት አይመስልም።

«አሁንም ባዶ ነው አይደል?» አለች ሮስቪታ አንገቷን አስግጋ። «እዚያ ጋ ይንሸራተታል ብዬ ነግሬህ ነበር። ዓይንህ ደክሟል፣ አንተ ሽማግሌ።»

«ደክሟል መሰለኝ።»

ከገና ወዲህ የሎታር ሥራ ሁሉ መሙላት ሆኗል። መጀመሪያ ራሱ የጠረበላት፣ ስንት ዓመት የተኮሰችበት እጀታ ሰፋኝ አለች። እንጨቱ አርጅቶ ነው አለና ሞላላት። እንደገና ሰፋኝ አለች። እንግዲያው ይጣል ብሎ ከፋብሪካ የወጣ አዲስ የዋልነት እንጨት እጀታ፣ በሁልጊዜው ልኳ አዘዘላት። እሱም ሰፋት። ሎታር ሠሪዎቹን የስድብ መዓት አወረደባቸው፣ «ዘንድሮ መለኪያውን ለሰካራም ሰጥተውታል» አለ። እጀታውን መለሰና አንድ ቁጥር የሚያንስ አስመጣ። ይኸው አሁን በካቻቪቴ አስሮ የሚሞላው ያንኑ ነው።

ሎታርን ለማታውቁት ልንገራችሁ። በከተማችን የነበረው የጠመንጃ ፋብሪካ እስኪዘጋ ድረስ ሰደፍ ሲጠርብ የኖረ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ እኛ የተኳሾች ማኅበር አባላት የውድድር ሽጉጥ ስንገዛ፣ ከፋብሪካ የወጣ እጀታ ለማንም እጅ ልክ አይመጣምና፣ በእጃችን ልክ የሚያበጅልን እሱ ነው። የፈለገ ብንቸኩል እጃችንን ሳይጫን ሞረድ አያነሳም። ሥጋው የት እንደሚወፍር፣ አጥንቱ የት እንደሚቀርብ በአውራ ጣቱ እየተጫነ ይሰማዋል። «ዓይን ይዋሻል፣ አውራ ጣት አይዋሽም» ይለናል። ተጭኖት የማያውቀው እጅ ቢኖር የሚስቱ ብቻ ነው። ምን ሊሆነው ይጫነዋል? በልቡ ያውቀው የለ!

«እስቲ እጅሽን አምጪው» አላት።

«ምን ልታደርገው?»

«ልየው።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን አይተኸው የማታውቅ ይመስል!» ብላ ሳቀችና ሰጠችው።

ታልኩን በጨርቅ ጠረገላት። አውራ ጣቱን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል አሳርፎ ተጫነ። እዚያ ቦታ ላይ ሲጫኑት መልሶ የሚገፋ ጠንካራ ሥጋ መኖር ነበረበት። ጣቱ ያለ ከልካይ ሰመጠና አጥንት አገኘ። ዝቅ ብሎ ከአውራ ጣቷ ግርጌ ተጫነ። እዚያም ያው።

እንጨቱ ጤነኛ ነበር። ሠሪዎቹም አልሰከሩም። ያን ሁሉ ወር ሲሞላ የከረመው የእንጨቱን ጉድጓድ ሳይሆን የሚስቱን እጅ ነበር።

ፋብሪካ ሳሉ ዲትማር የሚባል ጠራቢ ነበር። መዶሻ ከእጁ ሲወድቅ ጊዜ ሳቁበት፣ «ማታ ስንት ቢራ ነው የጠጣኸው?» አሉት። ቀጥሎ ጃኬቱን የሚቆልፍለት ሰው ፈለገ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሎታር ማስታወስ አይወድም። የሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ራሱ ነው። አሁን የሚስቱን እጅ ይዞ እንደቆመ ያ ሰውዬ ፊቱ ላይ ድቅን አለበት። ነርቭ ተቆንጥጦም ሊሆን ይችላል፣ እንዲህ ያለ ነገር በእርጅናም ይመጣል እያለ ለራሱ ነገረው። ራሱም አላመነም።

«ምነው? ምን ሆንክ?»

«ምንም። ታልኩ በዝቶ ነው።»

«አየህ! ጥፋቱ ያንተ ነው ማለት ነው።»

«የኔ ነው።»

«በል እንግዲህ ሞርደው። ዝናብ ነው፣ መንገዱ ያስረፍደናል።»

ለምን አልነገራትም? እኔ አልፈርድበትም፣ እናንተ ፍረዱ። የዚያን ቀን የአውራጃው ውድድር ነበር። ሮስቪታ ለክልሉ ሻምፒዮና ለማለፍ ስትሞክር ዓመታት አልፈዋል፤ ሁልጊዜ ለጥቂት ነው የሚያመልጣት። ዘንድሮ ግን በልምምድ ላይ፣ የማኅበራችን አንደኛ የምትባለውን ኢሎናን ሳይቀር ደጋግማ በልጣት ነበር። «ካሁን በኋላ እንዲህ የምተኩስበት ዓመት አይመጣም» ስትል ሎታር በጆሮው ሰምቷል። ዛሬን ደስ ብሏት ትተኩስ፣ ማታ እነግራታለሁ ብሎ ወሰነ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የሰው በሽታ የደበቀውስ?

ሽጉጡን በሣጥኑ ቆልፈው መንገድ ጀመሩ። ዝናቡ ጥዱን ጫካ እያጠበ ይወርዳል። ሎታር እየነዳ በጎን በጎኑ ያያታል። አይቶ ያላስተዋለው ሁሉ አሁን አንድ በአንድ መጣበት። የመኪናውን በር የከፈተችው በግራ እጇ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ቁልፍ ያለው ሸሚዝ ለብሳ አያውቅም፣ ሁልጊዜ በአንገት የሚጠለቅ ሹራብ ነው። ድንች መላጡን ለሱ ከተወችለት ቆይታለች፣ እሱም የጡረተኛ ባል ዕጣ ነው ብሎ እየቀለደ ይልጣል።

«ቴርሞሱን ክፈትልኝማ» አለችው።

«እየነዳሁ?»

«መብራቱ ላይ ስትቆም።»

መብራቱ ላይ ቆሞ ከፈተላት። ክዳኑ ልል ነበር፣ ሕፃን ይከፍተዋል። ሎታር ቴርሞሱን መለሰላት።

የተኩስ ሜዳው አዳራሽ በቋሊማና በሰናፍጭ ሽታ ታውዷል። ሰው እርጥብ ጃኬቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ ይጫጫታል። ከመሣሪያ መፈተሻው ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠው ቡርክሃርድ ነው። የዕለቱ ዳኛም እሱ ነው። ከሎታር ጋር በአንድ ፋብሪካ ጣሪያ ስር ያረጁ ናቸው።

«ኧረ ይሄ ምንድነው? እጀታ ነው ወይስ የጥርስ ሐኪም ሥራ?» አለ ሽጉጡን ተቀብሎ እያገላበጠ።

«ትለካለህ ወይስ ትቀልዳለህ?»

«ሁለቱንም ነው የምሠራው፣ ሁለቱንም በነፃ።»

ሽጉጡን መለኪያ ሣጥኑ ውስጥ አስገባው። ገባ። የኪሎ ክብደቱን ቃታው ላይ አንጠልጥሎ አነሳው። ቃታው ቻለ። እጀታው አንጓዋን እንዳይደግፍ፣ እጇን እንዳይከብባት አየ። ሁሉም በደንቡ ነው። ከዚያ በእስክሪብቶው ጫፍ ስቱኮውን ነካ ነካ አደረገና ቀልዱ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«ሎታር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንተ እኮ የምትሞርድ እንጂ የምትሞላ ሰው አልነበርክም።»

«እንጨቱ አዲስ ነው።»

«እንጨቱስ አዲስ ነው። እጁስ?»

«ምልክቱን ለጥፍና ልቀቀኝ» አለ ሎታር። ቡርክሃርድ አረንጓዴውን ወረቀት ሽጉጡ ላይ ለጠፈለት።

ሮስቪታ የመጀመሪያውን ዙር ስትተኩስ ላያት ሰው ጤነኛ አልነበረችም ቢባል ማን ያምናል! ይህ ዙር ጊዜው ሰፊ ነው፣ ቀስ ተብሎ ይተኮሳል። ጠጉሯን ከኮፍያዋ ስር ሰብስባ፣ እግሯን ተክላ፣ በእያንዳንዱ ጥይት መካከል እጇን ጠረጴዛው ላይ እያሳረፈች ጥቁሩን ክብ በሳሳችው። ከመስመሩ ኋላ የቆምነው ሰዎች እየተያየን ቅንድባችንን አነሳን። ኢሎና እንኳ «ዛሬ ሴትዮዋ ምን በልታ ነው የመጣችው?» ብላ ሳቀች። ሮስቪታ አንደኛ ሆና ለዕረፍት ወጣች።

«ያዘልኝ!» አለች ለሎታር፣ ጉንጯ ቀልቶ። «ጎሽ! ዛሬስ እጀታህ ያዘልኝ!»

ሎታር ለደቂቃ ያህል አበድኩ እንዴ አለ። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፣ ምናልባት ሁልጊዜም እጇ እንዲሁ የነበረ ይሆናል። የተስፋ ነገር! ቋሊማ ገዝቶ በዳቦ አመጣላትና ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ በሹካ እንድትበላ ሰጣት። እሷም ለምን ቆረጥከው ብላ አልጠየቀችም።

ሁለተኛው ዙር የፍጥነት ነው። ተኳሹ ክንዱን ወደ መሬት አዘቅዝቆ ይጠብቃል፣ ዒላማው በድንገት ይዞርና ሦስት ሰከንድ ፊቱን ያሳያል። በዚያ መሀል ክንድ ተነሥቶ፣ ታልሞ፣ ቃታ ተስቦ ማለቅ አለበት። ከዚያ ዒላማው ፊቱን ያዞራል፣ ክንድ ይወርዳል፣ እንደገና። ይህ ዙር እጅን ያደክማል፣ የደከመ እጅ ደግሞ ገመናን አይሸፍንም።

መጀመሪያ ላይ ሄደላት። ከዚያ ዒላማው ዞረ፣ ክንዷ ተነሣ፣ ሽጉጡ ቀጥ አለ። ጎረቤቶቿ ተኮሱ። የሷ ዝም አለ። ዒላማው ፊቱን አዞረ። ሮስቪታ ሽጉጡን አውርዳ ግራ እጇን ወደ ላይ አነሣች፣ መሣሪያዬ ተበላሸ ማለቷ ነው።

ቡርክሃርድ መጣ። ደንቡ እንደሚያዘው ሽጉጡን ሳይነካካ ከእጇ ተቀበለ፣ ከዒላማው ኋላ ወዳለው የአፈር ክምር አነጣጥሮ ቃታውን ሳበው። ጧ! አለ። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁላችንም ክው አልን። ቡርክሃርድ ለአፍታ እሷን ሳይሆን ከመስመሩ ኋላ የቆመውን ሎታርን አየው። ግን ዳኛ ነው፣ ማለት ያለበትን አለ።

«መሣሪያው ጤነኛ ነው። ጥይቱ ዜሮ ይቆጠራል።»

ሮስቪታ ጭንቅላቷን ነቅንቃ ሽጉጡን ተቀበለች። ከዚያ በኋላም ሁለት ጊዜ ዒላማው ዞሮ ሽጉጧ ዝም አለ። እጇን ግን ዳግመኛ አላነሣችም። አቋርጣ ብትወጣ ማንም አይፈርድባትም ነበር፣ እሷ ግን እስከ መጨረሻዋ ጥይት ቆማ ጨረሰች። ስሟ ከሰንጠረዡ አናት ወርዶ ወርዶ ለሻምፒዮናው ከሚያልፉት በታች አረፈ። ሎታር ዓይኖቹን ማንሣት አቅቶት የጫማውን ጫፍ ሲያይ ቆየ።

ኢሎና በሩ ላይ ትጠብቃቸው ነበር። ክፋት የላትም፣ አፏ ነው።

«ምን ነካሽ አንቺ? በእጅሽ የያዝሽውን ጣልሽው እኮ!» አለቻት። ወደ ሎታር ዞረችና፣ «አንተ! ምን አበላሸህባት?»

«ጥፋቱ የእንጨቱ ነው» አለች ሮስቪታ ቀድማ።

«የኔ ነው» አለ ሎታር። «ስቱኮውን አብዝቼባት ነው።»

«ይቅር ይበልህ! የባል ሙያ!» ብላ ኢሎና ሮስቪታን ሳመቻትና ሄደች።

መኪናው ውስጥ ገብተው ሎታር ሞተሩን አላስነሳም። ዝናቡ መስታወቱን አልብሶት ውጭው አይታይም።

«መሣሪያው ጤነኛ ነው ሲል ሰማኸው?» አለች።

«ሰማሁ።»

«ታዲያ በሽተኛው ማነው?»

ሎታር መሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ጠዋት እጄን ስትጫነው ፊትህን አይቼዋለሁ፣ ሎታር። ታልክ በዝቶ ነው አልከኝ።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ያ ነው የባሰበት። «መዋሸት ያልፈጠረብህን።»

«አንቺስ? ታውቂ ነበር ማለት ነው?»

«ቃታውን ሳቢ ስለው ጣቴ አልሰማ ያለኝ ዛሬ አይደለም። ቁልፍ መቆለፍ ካቃተኝ ቆየ። ሳህን ሰብሬ ስብርባሪውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ከቆሻሻው ስር ደብቄያለሁ።»

«እንዴት ሳትነግሪኝ! እንዴት ተደርጎ!» ብሎ ጮኸ። መሪውን በመዳፉ መታው። «እኔ ሞኙ ሠሪዎቹን ስሰድብ፣ ስቱኮ ሳቦካ…»

«ስትሞላልኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለችው። «እንጨቱ ነው ስትለኝ አምንህ ነበር። ግማሽ ልቤ ነው የሚያምነው፣ ግን ለማደር ግማሹም ይበቃል። አንድ ቀን ስቱኮው ልክ ቢመጣ እጄም የሚድን ይመስለኝ ነበር። እብደት ነው፣ አውቃለሁ።»

ሎታር እጁን ሰዶ ቀኝ እጇን ያዘና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። አልቅሶ የማያውቅ ሰው አይደለም፣ ግን እሷ ፊት ሲሆን ሁልጊዜ ያፍር ነበር። ዛሬ አላፈረም። እሷም አታልቅስ አላለችውም። ሌሎቹ መኪኖች አንድ በአንድ እየተነሡ ሄደው ግቢው ባዶ እስኪሆን ተቀመጡ።

ቤት እንደደረሱ ሮስቪታ ወደ ላይ አልወጣችም። ቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች፣ ሎታርም የሽጉጡን ሣጥን ይዞ ተከተላት። መብራቱን አብርታ ከሥራ ጠረጴዛው አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«አዲስ እጀታ እዘዝልኝ» አለች።

«ሮስቪታ…»

«የግራ እጅ።»

ሎታር ሣጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። «በግራሽ እኮ ሾርባ ብትጠጪ ደረትሽ ላይ ነው የምትደፊው።»

«እማራለሁ። ለከርሞ ባይደርስ ለቀጣዩ ይደርሳል።»

«መጀመሪያ ሐኪም።»

«መጀመሪያ እጀታ።»

«ሐኪም ነው ያልኩሽ! ሰኞ ጠዋት ራሴ ነው የምወስድሽ፣ ብትፈልጊ እየጎተትኩ!»

«እሺ፣ ሰኞ ሐኪም ቤት» አለች። «የሚለኝን ይበለኝ፣ እሰማዋለሁ። ግን ትእዛዙ ዛሬ ይሂድ። እሱ ያለኝን ከሰማሁ በኋላ ለማዘዝ ወኔው ላይኖረኝ ይችላል። ገባህ?»

ገባው። እንዲያውም እሷ ካለችው በላይ ነው የገባው። ዲትማርን መጀመሪያ የከዳው ቀኝ እጁ ነበር፣ ግን በቀኙ ብቻ አላበቃም። ያን ለሷ ይነግራት ዘንድ አፉ አልታዘዘለትም።

እጀታ ሲታዘዝ እጅ ወረቀት ላይ ተዘርግቶ ዙሪያው በእርሳስ ይሣላል፣ ሥዕሉም ለሠሪዎቹ ይላካል። ሎታር ጠረጴዛውን ከብናኙ ጠርጎ ነጭ ወረቀት ዘረጋ። ሮስቪታ የሹራቧን እጅጌ በጥርሷ ስባ ግራ መዳፏን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፣ ጣቶቿንም በተነቻቸው። ከላይ ሲያዩት ደህና እጅ ነው። ቀለበቷ መብራቱ ስር ያበራል። ሎታር ቀኝ እጇን በልቡ ያውቀው ነበር፤ ይህን ግን ከዚህ በፊት እንዲህ አፍጥጦ አይቶት አያውቅም።

እርሳሱን ቀርጾ ጎንበስ አለ። ሮስቪታ እጇን ሳታንቀሳቅስ ጠበቀችው።

«አልተጫንከውም» አለችው። «የሰው እጅ ሳትጫን አትጀምርም እኮ።»

ሎታር ቀና ብሎ አላያትም።

«እሱን ሰኞ ሐኪሙ ይጫነው» አለና እርሳሱን ከአውራ ጣቷ ግርጌ አስነሣ።